«ቻይ ናት» እያልን

«ጎበዝ ናት፣ ቻይ ናት!» ይህችን ሙገሳ የማያውቃት ማን አለ? ሰርግ ላይ እንመርቅባታለን፤ ለቅሶ ላይ እናለቅስባታለን። ግን እስኪ እንጠይቅ፤ ይቺ ቻይ ሴት የምትችለው ምኑን ነው? ሂሳቡስ የሚከፈለው ከማን ገላ ነው?

ወደ ዋግ ኽምራ እንሂድ። ሰቆጣን ብዙዎቻችን የምናውቃት በ«ሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል ስሙን ከዚችው ከተማ ወስዷል። መልካም! ነገር ግን መቀንጨር የሚጀምረው ገና ከማህፀን ነው። እናት ደግሞ በየቤታችን የምትበላው እንግዳው፣ ባሏና ልጆቿ ከበሉ በኋላ ነው። «አንቺስ?» ስትባል «እኔ በልቻለሁ» ትላለች። አልበላችም። እሷን ግን ይሉኝታ በልቷታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል፤ 22 በመቶዎቹ ከልክ በላይ ከሲታ ነበሩ። ድህነትና ድርቅ አሉበት፣ አንክድም። ዋግም ድርቅን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን ያለችውን እንጀራ ስንካፈል ተራውን የምናወጣው እኛው ነን።

ዓይንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትራኮማ ሴቶችን የሚያሳውረው ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ነው፤ ሕመሙ ያለባቸውን ሕፃናት ቀን ከሌት የሚያቅፉት እነሱ ናቸዋ! አማራ ክልል ደግሞ በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኗን እየቧጠጣት «አዝመራው ይግባና እታከማለሁ» የምትል ሴት፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን ዓይን በይሉኝታ ልታጣ ትችላለች።

«መስዋዕትነት እኮ ባህላችን ነው» የሚለን አይጠፋም። መስዋዕትነት ወዶ መስጠት ነው። «እምቢ» ማለት የተከለከለች ሴት ምን ልትሰጥ ትችላለች? የሚወሰድባት እንጂ። ባህል ካልንስ፣ በነሐሴ የሰቆጣ ልጃገረዶች ሻደይን ወገባቸው ላይ አስረው አደባባይ ወጥተው ጮክ ብለው ይዘፍኑ የለ? ድምፅ ማውጣትም ባህላችን ነው።

እኛ ከተሜዎቹስ? ለእናቶቻችን ስንደውል «ደህና ነሽ?» ብለን «ደህና ነኝ» ስንባል አንርካ። «ዛሬ ምን በላሽ? ያ ወገብሽ ታየ ወይ?» እንበል። ቤት ስንሄድም እሷ ሳትቀመጥ ማዕዱን አንጀምር። እህቶቻችንንም «ቻይ» እያልን ማሞገሱን እንተወው። ይልቅ «ሲያምሽ ተናገሪ» እንበላቸው።

ሲናገሩ ደግሞ እንስማ።