በሲኒማ ቤት ስለሚፈስ እንባ

ከባልንጀሮቻችን አንዱ፥ በመሥሪያ ቤቱ በቁም ነገረኝነቱ የታወቀ ወጣት፥ «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተባለውን ፊልም አይቶ ማልቀሱን ሳይደብቅ በመናገሩ የሥራ ጓደኞቹ መሣቂያ አድርገውት ሰነበቱ። «ጢም ያበቀለ ሰው በብረት ልብስ ለሚበር ጀግና ያለቅሳል ወይ?» አሉት። እሱም የሚመልሰው ቢያጣ ዝም አለ። እኛ ግን ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይተን ሁለት ጊዜም ያለቀስን ስለ ሆንን፥ በእሱ ፈንታ መልስ ለመስጠት እንደፍራለን።

ፊልሙ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የወጣ፥ አንቶኒና ጆ ሩሶ የተባሉ ወንድማማቾች ያዘጋጁት፥ ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ፥ ገቢውም ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የአሜሪካ ፊልም ነው። በ2008 በ«አይረን ማን» የተጀመረው ተከታታይ ታሪክ 22ኛው ስለ ሆነ፥ የፊተኞቹን ያላየ ሰው በመካከሉ ቢያዛጋ አይፈረድበትም። ታኖስ የተባለው ጨካኝ በስድስት ዕንቁዎች ኃይል ጣቱን አንዴ ቢያጮህ ከሕያዋን ሁሉ እኩሌታው ትቢያ ሆኖ ጠፍቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ የተረፉት ጀግኖች ወዳለፈው ዘመን ተመልሰው ዕንቁዎቹን ለማምጣትና የጠፉትን ለማስመለስ ይነሣሉ።

ወደ ኋላ ዘመን መጓዝ በሲኒማ አዲስ ነገር አይደለም። በ1978 በወጣው «ሱፐርማን» ጀግናው የሚወዳት ሎይስ ሌን በመሬት መናወጥ ስትሞትበት፥ ምድርን በታላቅ ፍጥነት ሲዞራት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሴቲቱም በሕይወት ትገኛለች። ማየቱ ደስ ይላል፤ ዳሩ ግን ለዚያ ያለቀሰ ሰው እኛ አናውቅም። ሞት እንደ እርሳስ ጽሕፈት በላጲስ የሚጠፋ ከሆነ የሚያስለቅስ ምን ይቀራል?

በኤንድጌም ግን ሊቁ ብሩስ ባነር ለባልንጀሮቹ ሲያስረዳ፥ ወደ ኋላ ሄዶ የሚሠራ ሥራ የሆነውን እንዳልሆነ አያደርገውም ይላል። አባቶቻችን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ያሉትን ሊቁ በፊዚክስ ደገመው ማለት ነው። የጠፉትን ወደ ዛሬ መመለስ ይቻላል እንጂ የሐዘኑን አምስት ዓመት መፋቅ አይቻልም። ቶኒ ስታርክም እንዲፋቅ አይፈልግም፤ ትንሿ ልጁ ሞርጋን የተወለደችው በእነዚሁ ዓመታት ነውና።

ይኸው ቶኒ፥ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር የሚጫወተው፥ ዕንቁ ፍለጋ በ1970 በነበረ አንድ የጦር ሠፈር ሲገባ ከገዛ አባቱ ከሃዋርድ ጋር ይገጣጠማል። የሃዋርድ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ አበባ ይዞላታል፤ ጥሩ አባት ለመሆን መቻሉን ግን ይጠራጠራል። ተከታታዩን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ይህ አባት በ1991 ከሚስቱ ጋር ተገድሏል፤ ልጁም በቅጡ ሳይሰናበታቸው መቅረቱ ሲያንገበግበው ኖሯል። አሁን አባቱ ከፊቱ ቆሟል። «ልጅህ ነኝ» ሊለው አይችልም። ስለዚህ ሌላ ስም ሰጥቶ፥ ስለ አባትነት ጥቂት ተጨዋውቶ፥ በመጨረሻ አቀፈውና ለአገሩ ስለ ዋለው ውለታ የሚያመሰግን መስሎ አመሰገነው።

ቶርም እናቱን ፍሪጋን በምትሞትበት ቀን ያገኛታል። ሊያስጠነቅቃት አፉን ቢከፍት መስማት አልፈለገችም፤ የልጇን የተሰበረ መንፈስ ማጽናናት ብቻ ያዘች።

እኛም አባታችን በሞቱበት ሳምንት ከአገር ቤት ደውለውልን ነበር። ዝናቡ ዘንድሮ መዘግየቱን ሲነግሩን፥ ለአለቃችን የሚቀርብ ሪፖርት ስለ ነበረብን «አባባ፥ ነገ እደውላለሁ» ብለን ዘጋነው። ሪፖርቱ በቀኑ ቀረበ፤ ምን እንደሚል ዛሬ አናስታውሰውም። የዝናቡ ወሬ ግን ሳያልቅ ቀረ። በቀብሩ ዕለት እንግዳ መቀበልና ድንኳን ማስተከል ይዘን ሳናለቅስ ዋልን። ያለቀስነው ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ነው።

በለቅሶ ቤት ወንድ ልጅ ደረቱን ሲደቃ ማንም አይሥቅበትም። እንባው ቀኑንና ቦታውን ስቶ ቢመጣ ምኑ ያሥቃል? ባልንጀራችን ለማን እንዳለቀሰ አልጠየቅነውም፤ የሣቁበትም አልጠየቁትም።

ፊልሙ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። የመጨረሻው ውጊያ ያሰለቻል። ስቲቭ ሮጀርስ ወደ ጥንቱ ተመልሶ ከሚወዳት ከፔጊ ጋር ዕድሜውን መፍጀቱም፥ ፊልሙ ራሱ ካወጣው ሕግ ጋር አይገጥምም፤ ደራሲዎቹና አዘጋጆቹ እንኳ ስለዚህ የሰጡት ማብራሪያ የተለያየ ነው። ብዙ ተመልካች በዚህ ተደስቷል። ለእኛ ግን ከስቲቭ ሙሉ ዕድሜ ይልቅ ቶኒ ያገኛት ጥቂት ደቂቃ ትበልጥብናለች።

ከዚያች ደቂቃ ቀጥላ የምትመጣውን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው እንባውን ሲጠርግ ታልፈዋለች። ቶኒ ዘወር ካለ በኋላ ሃዋርድ ወደ አገልጋዩ ወደ ጃርቪስ ዞሮ፥ ያን ሰው ከዚህ ቀደም አግኝተነው እናውቃለን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጃርቪስም፥ ጌታው ከብዙ ሰው ጋር የሚገናኙ መሆናቸውን ይነግረዋል።