ለአንበሳ ሰባት ቤት የቆጠረለት ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ እየዞረ ነው። ወንዱ አንበሳ ሴቷን አንገት ለአንገት ሲታሻሻት ይታያል፣ ከጀርባ ለስለስ ያለ ክላሲካል ገብቶበታል። ከላይ ደግሞ «እንስሳት እንኳን አንድ ለአንድ ጸንተው ይኖራሉ፣ የዘንድሮ ሴት ግን...» የሚል ተጽፎበታል። የቀድሞ ተማሪዎቼ አራት አምስት ሆናችሁ «ቲቸር ምን ትላለህ?» ብላችሁ ታግ አድርጋችሁኛል። እሺ፣ ጠይቃችኋልና ስሙ።

አንበሳ አንድ ለአንድ አይኖርም! ዱር ውስጥ የሚኖረው በመንጋ ነው፤ እናት፣ እህትማማች፣ አክስት፣ ልጆቻቸው፣ ከውጭ የመጡ ጥቂት ወንዶች። እነዚህን ወንዶች ሌሎች መጥተው ካሸነፏቸው፣ አዲሶቹ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት የሚጠቡትን ደቦሎች መግደል ነው። ለምን? እናትየዋ ቶሎ ከእነሱ እንድትፀንስ። ወንድሜ፣ ለሚስትህ አርአያ ይሁናት ብለህ የላክህላት ይኼን ነው? ሴቷም ብትሆን ከአንድ በላይ ወንድ ትቀበላለች። እሱን ግን ፖስት አታደርገውም።

ደግሞ ቪዲዮው የተቀረጸው ከፍርግርግ ውጭ ተቁሞ ነው፤ ብረቱ ይታያል እኮ! ሁለት እንስሳ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈህ «አየህ፣ አልተለያዩም» ትላለህ? የት ይሂዱ?

በዚያ ግቢ የመረጠ ካለ ከብረቱ ወዲህ ያለው ሰው ነው። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስንቱን የዩኒቨርሲቲና የሃይስኩል ፍቅረኛ አስተናግዷል! ካፌ ገብቶ ሁለት ማኪያቶ ለማዘዝ ኪሱ ያልፈቀደለት ልጅ፣ የመግቢያ ከፍሎ አንበሳ እያየ ከወደዳት ልጅ ጋር ያወራል። እነሱን «ስድ» ብላችሁ የምትሰድቡና አንበሳውን «ታማኝ» የምትሉ ሰዎች አንድ መሆናችሁ ነው የሚገርመኝ።

የእንስሳቱ ጥንድነት በሥርዓት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ትልልቅ የእንስሳት ማቆያዎች ለብዙ ዝርያዎች የዘር መዝገብ ይያዛል። እናቱ ማን ናት፣ አባቱ ማን ነው፣ አያቱ ከየት መጣ። ዝምድናቸው የራቀው ተለይቶ አንዱ በሳጥን ይጫንና ወደ ሌላው አገር ይላካል። ሁሌም ይሳካል ማለት አይደለም። ቺ ቺ የምትባለዋ የለንደን ፓንዳ በ1966 እ.ኤ.አ. አን አን ለሚባል ወንድ ሞስኮ ድረስ ተወሰደች። እምቢ አለች። በ1968 እሱ ለንደን ሄደ፣ አሁንም እምቢ! በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለንደንና ሞስኮ የተስማሙበትን ሽማግልና አንዲት ፓንዳ መለሰችው።

የእኛስ? እኛ እኮ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን። አንበሳ ግቢ በ1948 እ.ኤ.አ. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ሲቋቋም፣ እንደሚነገረው መሥራቾቹ አምስት ወንድና ሁለት ሴት ነበሩ። ሰባት ቤት ሳይሆን ሰባት አንበሳ! ከዚያ ወዲህ እርስ በርስ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት የአሥራ አምስቱን፣ የስምንት ወንድና የሰባት ሴት፣ ዘረመል መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ነው፣ ደረት አልፎ ሆድ ድረስ ይወርዳል። ተመራማሪዎቹ በጥንቃቄ እንዲራቡ አሳሰቡ። በዓለም ብርቅ የሆነ ዘር ነው እንግዲህ ላይክ የምትሰበስቡበት።

ከዚያ በፊት ምን ሆነ? በ2006 እ.ኤ.አ. የግቢው ኃላፊ ራሳቸው ለውጭ ጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ ቦታና ገንዘብ ስለጠፋ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉ ነበር፤ ሬሳቸውም አድርቀው ለጌጥ ለሚያቆሙ ሰዎች ይሸጥ ነበር። «የፍቅር» ውጤቱ ይኼ ነው። ክላሲካሉን በዚህ ላይ አስገቡበታ!

ስለዚህ ቪዲዮውን ላሰራጫችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ፈተና ነው። ያቺ ሴት አንበሳ ለወንዱ ምኑ ናት? እህቱ? አክስቱ? ልጁ? መዝገቡን ያየ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ።