«ናሳው» የሚል ስም የተጻፈበት መርከብ

«ባሃማስን አይቻታለሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ «ስንት ሰዓት ቆየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እረፍታቸውን በመዝናኛ መርከብ ማሳለፍ ከለመዱ ወዲህ፣ ጠዋት ወርደው ጀምበር ሳትጠልቅ የተመለሱባቸው አገሮች ስም በየቡናው ዙሪያ ይደረደራል። እኔም የአክስቴ ልጅ ቲኬት ቆርጣልኝ፣ ከማያሚ ተነስቶ ናሳው ደርሶ በሚመለስ መርከብ አራት ሌሊት ስላደርኩ የምናገረው በወሬ አይደለም።

እረፍትን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ባሕር ላይ የዋልንበት ቀን ግሩም ነበር። ምድር የሚባል ነገር አይታይም፤ ስልክ አይሠራም፤ ሰው በአልጋ ወንበር ተጋድሞ ሰማይና ውኃ ያያል። (ቡናው ቀጭን መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም።) የምቃወመው ያንን ሌላውን ቀን፣ «ወደ ምድር የወረድንበት» የሚባለውን ቀን ነው።

ናሳው ወደብ ላይ በአንድ ጠዋት ሦስት አራት መርከብ ይቆማል። ሺህ በሺህ ሰው ተግተልትሎ ይወርድና ቤይ ስትሪት በተባለው ጎዳና ይበተናል። ጌጣጌጥ ቤት፣ አልኮል ቤት፣ የሰሌን ቅርጫትና ቆብ የሚሸጥበት ገበያ። እዚያው ጎዳና ላይ፣ ከወደቡ የጥቂት ደቂቃ መንገድ፣ ቬንዱ ሐውስ የሚባል አሮጌ ቤት አለ። በባርነት ዘመን ሰው በጨረታ ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው፤ ኋላ ሙዚየም ሆኖ በ1830 እ.ኤ.አ. ኤግዙማ ደሴት ላይ ባሮችን አስተባብሮ ባመፀው በፖምፔ ስም ተሰይሟል። ከፍ ብሎ ደግሞ ባሮች የኖራ ድንጋዩን ፈልፍለው የሠሩት «የንግሥቲቱ ደረጃ» አለ። ከእኛ መርከብ የወረደው ሕዝብ ጌጣጌጥ ቤቶቹ ጋ ተሰልፎ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ አንድ ተአምር አየሁ፤ ጎዳናው ባዶ ሆነ። ለካ ሰው ሁሉ ምሳውን ሊበላ ወደ መርከቡ ተመልሷል! ምሳው አስቀድሞ ተከፍሎበታላ። የከተማው ምግብ ቤቶች አስተናጋጆች በራቸው ላይ ቆመው የሚሄደውን ጀርባ ያያሉ። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም፤ ንግዱ የተሠራው እንደዚያ ነው። መርከቡ ለሀገሪቱ በነፍስ ወከፍ ታክስ ይከፍላል፤ የቀረውን ገንዘባችሁን ግን ይዟችሁ እንደመጣ ይዟችሁ ይመለሳል።

ወደ መርከቡ ስመለስ በስተኋላው በትልቁ «ናሳው» ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ባለቤቱ ኩባንያ አሜሪካዊ፣ ተሳፋሪው ባብዛኛው አሜሪካዊ፣ የመርከቡ ዜግነት ግን ባሃማሳዊ ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ መርከቦች በባሃማስ ወይም በፓናማ ባንዲራ የሚጓዙት ታክሱም የሠራተኛ ሕጉም ስለሚቀላቸው ነው። እንግዲህ ናሳው የዚያ መርከብ አገሩ ናት ማለት ነው። አገሩ ገብቶ ምሳ የማይበላ ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ክፍላችንን የሚያነጥፍልን ኢንዶኔዥያዊ ፎጣ እያጠፈ ዝሆንና ዝንጀሮ ይሠራልናል። ሁለት ልጆች አሉት፤ ኮንትራቱ ስምንት ወር ነው። «ናሳውን ታውቃታለህ?» አልኩት። «በመስኮት» አለኝ። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ሠራተኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ይረፍ ይላል፤ የቀረውን አስሉት። የአክስቴ ልጅ ግን «ተው እባክህ ወንድሜ፤ እረፍት ላይ ነን» ብላ ቆጣ አለች። እሷ ራሷ አሜሪካ እንደገባች የሆቴል አልጋ ታነጥፍ ነበር። ቤሩትና ጂዳ በር ተዘግቶባቸው የሚሠሩ እህቶች ያሉን ሰዎች ይህንን ጥያቄ ካልጠየቅን ማን ይጠይቀው?

በማግስቱ ያረፍንበት ደሴት ከነጭራሹ የኩባንያው ነው። ከተማ የለ፣ ነዋሪ የለ፤ አሸዋው እንኳ ተበጥሯል። የዚህ አሠራር መጨረሻው ምን እንደሚመስል ያየነው በሄይቲ ነው። ሮያል ካሪቢያን በሰሜን ሄይቲ ላባዲ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ተከራይቶ፣ አጥሮና ዘበኛ አቁሞ ለመንገደኞቹ መዋኛ አድርጎት ነበር። ጥር 12 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርቶ ፕሪንስን አፈራረሰ። በሦስተኛው ቀን መርከቡ ላባዲ ቆመ። እውነት ነው፣ የእርዳታ እህል ጭኖ ነበር፤ ቅር ብሏቸው ከመርከቡ ያልወረዱ መንገደኞች እንደነበሩም በወቅቱ ተዘግቧል። የቀሩት ግን ዋኙ፣ ሥጋ ጠበሱ። ሰዎቹ ከእኔና ከእናንተ የባሱ ክፉዎች ሆነው አይመስለኝም። አጥሩ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል እንጂ።

ላሊበላ በጠዋት አውሮፕላን መጥቶ በማግስቱ የሚመለሰውን ፈረንጅ «ኢትዮጵያን አየሁ» ሲል እንስቅበታለን። እሱ እንኳ ቢያንስ እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይበላል።

የአክስቴ ልጅ መልስ አላት፤ ቀላል መልስም አይደለም። ነርስ ናት፤ በሁለት ሆስፒታል ትሠራለች። «በዓመት አራት ቀን ማንም ስሜን የማይጠራበት ቦታ ብፈልግ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች። ምንም አላጠፋሽም፣ እህቴ። መርከቡ ላይ ቅሪ፣ ተኚ፤ ናሳው አትቀየምሽም። ከወረድሽ ግን ምሳሽን ታች ብዪ። ፖተርስ ኬይ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ኮንክ የሚባለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ጥሬውን በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ከትፈው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ክትፎ ለሚወድ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዓይንሽ እያየ ይከትፉልሻል፤ ሒሳቡንም የምትሰጪው ለከተፈው ሰው በእጁ ነው።