«ኮንቨርተር ደርቡበት» ለሚሉን

ሰሞኑን በየፎቶ ግሩፑ የሚዞር አንድ «ብልሃት» አለ። 150-600 ሌንስ ካላችሁ የ2 ቴሌኮንቨርተር ግዙ፣ የ1.4 ጨምሩበት፣ አንዱን በአንዱ ላይ ሰክታችሁ ካሜራው ላይ እሰሩት፣ 1680 ሚሊ ሆነላችሁ ይላል። ካሜራችሁ ክሮፕ ሴንሰር ከሆነማ ከ2500 ሚሊ ጋር የሚቀራረብ እይታ አገኛችሁ ማለት ነው። ከስር እሳትና ጭብጨባ ይደረደራል። ቀጥሎ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይመጣል። ብዙ ጊዜ ብልሃቱን ያስተማረውና ዕቃውን የሚሸጠው አንድ ሰው ነው፤ ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግኩት ምክሩን የሚሰማው ማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ሀብታሙ 600 ኤፍ 4 ይገዛል፣ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የለም። የሚሰማው የሰርግ ፎቶ እያነሳ፣ ከዚያም ከዚህም ቆጥቦ፣ ለወፍና ለዱር እንስሳ ፍቅር ብሎ አንድ ያገለገለ 150-600 የገዛው ልጅ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ የካሜራ ዕቃ ከዱባይ በሰው እጅ ማስመጣት ምን እንደሚያስወጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። ይህ ልጅ ሁለት ኮንቨርተር ገዝቶ ባሌ ሲደርስ የሚያገኘው ነገር ምንም ነው። ምንም ስል ማጋነን አይደለም፤ ቁጥሩን አብረን እናስላ።

ኮንቨርተር በሌንስና በካሜራ መካከል የሚገባ ባለ መስታወት ቀለበት ነው። ሌንሱ የሠራውን ምስል መሃሉን ወስዶ ይለጥጠዋል። ሲለጥጠው ብርሃኑም አብሮ ይሳሳል፤ የ1.4ቱ አንድ ስቶፕ ይወስዳል፣ የ2ቱ ሁለት ስቶፕ። ሁለቱ ሲደረቡ ሦስት ስቶፕ ሄደ፣ ከብርሃኑ ስምንተኛው ብቻ ቀረ። ኤፍ 6.3 የነበረው ሌንስ ወደ ኤፍ 18 ተጠጋ።

አሁን 600ን ለ6.3 አካፍሉ። 95 ይመጣል። ይህ በሚሊ ሜትር የሌንሳችሁ የፊት በር ስፋት ነው። ብርሃን የሚገባው በዚህ በር ነው፤ የሩቅ ነገርን ጥቃቅን ዝርዝር ለይቶ የማየት አቅምም የሚወሰነው በዚህ በር ስፋት ነው። ይህ የማንም ኩባንያ ፖሊሲ አይደለም፣ የብርሃን ጠባይ ነው። ብርሃን በጠባብ በር ሲያልፍ ይበተናል፤ አንዲት ነጥብ ሴንሰር ላይ ስትደርስ ነጥብ ሆና ሳይሆን ትንሽ ክብ ሆና ነው። ከኋላ አንድም ደርቡ አስርም ደርቡ የፊቱ በር 95 ነው። ሽሮው ላይ ውሃ እየጨመራችሁ እንግዳ መቁጠር ትችላላችሁ፣ ሽሮው ግን ያው ሽሮ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሳነቲ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ 150 ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል። ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ አንድ ሜትር ያህል ይሁን። በ600 ሚሊ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስሉ 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። 24 ሜጋፒክስል ያለው ክሮፕ ሴንሰር ላይ ይህ አንድ ሺህ ፒክስል ገደማ ነው። በኤፍ 6.3 አንዲት ነጥብ የምትሠራው ክብ 8.5 ማይክሮን አካባቢ ናት፤ ስለዚህ በቀበሮው ርዝመት ላይ 470 ያህል ክቦች ይደረደራሉ። አሁን ሁለቱን ኮንቨርተር ደርቡ። ቀበሮው 11.2 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ፒክስሉም ወደ 2,900 ተጠጋ። ደስ ይላል! ክቧስ? እሷም በኤፍ 18 ወደ 24 ማይክሮን አደገች። 11.2ን ለእሷ ስታካፍሉት ስንት መጣ? 470። ቀበሮው አደገ፣ ብዥታውም እኩል አደገ። ስለ ቀበሮው ፀጉር የምታውቁት አንድም ነገር አልተጨመረም።

«ታዲያ አንድ ኮንቨርተርም አይጠቅምም ልትለን ነው?» አይደለም፣ ይህን አላልኩም። በኤፍ 6.3 ክቧ ገና ሁለት ፒክስል ገደማ ስለሆነች ሴንሰሩ ሌንሱ የሰጠውን ሁሉ አሟጦ አልወሰደም። አንድ ጥሩ 1.4 ብትጨምሩ የተረፈውን ትለቅማላችሁ። እንደ 400 ኤፍ 2.8 እና 600 ኤፍ 4 ባሉ ሰፊ በር ባላቸው ሌንሶች ላይ የ2ቱም ያስኬዳል። ኒኮን በ2022 ያወጣው 600 ኤፍ 4 የ1.4 ኮንቨርተር በሆዱ ይዞ የመጣ ነው፣ በላዩ ላይ የውጭ የ2 ኮንቨርተርም ይቀበላል፤ ያም ሲባዛ ያው 1680 ነው። የደራቢዎቹ ዋና ማስረጃ ይህ ነው፤ «ኩባንያው ራሱ ደርቧል» ይላሉ። ልዩነቱ የዚያ ሌንስ በር 150 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው፣ ኤፍ 11 ላይ ይቆማል። የውስጡ ኮንቨርተርም ለዚያ ለአንድ ሌንስ ብቻ ተሰልቶ የተሠራ ነው። በቅሎ የምትሸከመውን አይቶ አህያ ላይ መጫን ነው የኛ ነገር።

የኛ ኮንቨርተሮች የተሠሩት ከሌንስ የሚመጣ ብርሃን እንዲቀበሉ ነው፤ ከሌላ ኮንቨርተር አይደለም። ለዚህም ነው ብዙዎቹ እርስ በርስ የማይገቡት። የካኖኖቹ የፊት መስታወት ወደ ሌንሱ ውስጥ የሚዘልቅ ስለሆነ ሁለቱን ለማገናኘት በመካከል 12 ሚሊ ሜትር ባዶ ቀለበት ያስገባሉ። የኒኮኖቹ ካልተፈቀደ ሌንስ ጋር እንዳይገጥሙ የተተወችውን ትንሽ ብረት በሞረድ የሚበሉ አሉ። በሞረድ! አቧራዋ ወዴት እንደምትሄድ የሚጠይቅ የለም። ደግሞ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ይላወሳል፤ ሦስት መጋጠሚያ ሲሆን ሌንሱና ሴንሰሩ ፊት ለፊት መተያየታቸው ይቀራል፣ የምስሉ አንድ ጎን ይሞታል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወጣውን መንገድ አቧራ የሚያውቅ ሰው ሜዳ ላይ ሦስት ቦታ ከፍቶ መዝጋት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ወደ ብርሃኑ ልመለስ። በጠራራ ፀሐይ፣ በኤፍ 18፣ በአይኤስኦ 100 የሚገኘው ሹተር 80ኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በ2500 ሚሊ እይታ ግን በእጅም ሆነ የሚንቀሳቀስ እንስሳ ላይ 2500ኛ ሰከንድ ትፈልጋላችሁ። አምስት ስቶፕ ጎደለ፤ አይኤስኦ 3200 ገባችሁ፣ ያውም በቀትር። ማለዳ ላይ፣ ብርሃኑ በሦስት ስቶፕ ሲቀንስ፣ 25,600። እዚህ ጋ ማጭበርበር ስለማልፈልግ አንድ ነገር ልመን፤ በ600 አንስታችሁ ብትቆርጡም ያው ነው፣ ስትቆርጡ የምስሉ ሽርፍራፊ አብሮ ይጎላል። ከቀበሮው ወደ ሌንሳችሁ የገባው ብርሃን በሁለቱም መንገድ እኩል ነው። በዚህ አቻ ወጡ። ግን አንደኛው መንገድ ነፃ ነው፣ ሁለተኛው የሁለት ኮንቨርተር ዋጋ ነው።

አቻ የማይወጡበት ፎከስ ላይ ነው። የመስታወት ካሜራዎች አውቶፎከስ የተሠራው እስከ ኤፍ 5.6፣ አንዳንዶቹ እስከ ኤፍ 8 ላለ ሌንስ ነው። እዚህ አገር በእጃችን ያለው አብዛኛው ካሜራ ደግሞ ይህ ነው። በኤፍ 18 ወዲያና ወዲህ ሲፈልግ ይውላል፣ ወይም ጭራሽ ይተወዋል። አዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች አንዳንዶቹ እስከ ኤፍ 22 ፎከስ ያደርጋሉ፤ የቆመ ነገር ላይ እሺ። በእጅ ላድርግ ብትሉ የምታዩበት መስኮት ጨልሟል። በዚያ ላይ እይታችሁ ከአንድ ዲግሪ በታች ጠቧል፤ 150 ሜትር ላይ ካሜራው የሚያየው ስፋት ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ቀበሮው ፍልፈል አይቶ ሲወረወር ገና ጣታችሁ ሳይጫን ከፍሬሙ ወጥቷል። የቀራችሁ የሳር ፎቶ ነው። በ600 ብቻ ብትሆኑ ኖሮ ዝላዩን ትይዙት ነበር።

ጨረቃን አትንኩብኝ የሚሉ አሉ። አልነካም። ጨረቃ አትሮጥም፣ ፀሐይ የሚያበራላት ብሩህ ድንጋይ ናት፣ ትራይፖድ ላይ ቁጭ ብላችሁ በእጅ ፎከስ አድርጉ፣ ደርቡ፣ ተዝናኑ። ለእሷ ብሎ ሁለት ኮንቨርተር የሚገዛ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

አሁን በቁም ነገር የሚያሳስበኝ ክርክር፦ «እኛ የምንደርበው እንስሳውን ላለማስጨነቅ ነው፣ ርቀታችንን ለመጠበቅ» የሚለው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ያህል ቢሆን ነው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። ስለዚህ ርቀት የሚለው ቃል ሲነሳ ሁሉም ዝም ይላል፣ ማን ይቃወማል? ነገር ግን በሁለት ኮንቨርተር የተነሳ ፎቶ ብዥ ብሎ ሲወጣ ሰው ምን ያደርጋል? «ትንሽ ልጠጋ» ይላል። ከመንገድ ወርዶ በእግሩ ይከተላል። በቀትር ደግሞ የሞቀው መሬት የሚያወጣው ትነት መሰል ሞገድ ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ያንን የሚያልፍ ሌንስ ስለሌለ እንደገና ትንሽ ልጠጋ። ርቀት የሚጠበቀው ሩቅ ሆኖ ትንሽ ቀበሮ በትልቅ መልክዓ ምድር ውስጥ ለማንሳት ፈቃደኛ በመሆን ነው። የሳነቲ ሰማይና ጅባራው ፎቶውን አያበላሹትም፣ እንዲያውም ቀበሮው የት እንደሚኖር የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ብዥታውን በኋላ በኤአይ እናሾለዋለን የሚሉትን ደግሞ ባጭሩ፦ ሶፍትዌሩ ያልነበረ ፀጉር ፈጥሮ ይስልላችኋል። ያማረ ነው፣ የዚያ ቀበሮ ፀጉር ግን አይደለም።

በኮንቨርተሮቹ ዋጋ ምን ይደረግ? ባሌ ሁለት ተጨማሪ ቀን ይታደርበት። ከመኪና ሳትወርዱ፣ ሞተር አጥፍታችሁ፣ ፍልፈል የበዛበት ሜዳ አጠገብ ጠብቁ፤ ቀበሮው በቀን የሚያድን እንስሳ ነው፣ ለሥራው ይመጣል፣ መኪናውን ብዙም አይቆጥረውም። ወይም ሐዋሳ አሞራ ገደል ሂዱ፤ አባ ኮዳው ለዓሣ ትርፍራፊ ብሎ እግራችሁ ስር ይቆማል፣ 600ውም ይረዝምባችኋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ በ70-200 ከበቂ በላይ ነው።

አሁንም ያላመነኝ ካለ እንሞክረው። ትራይፖድ፣ 50 ሜትር ላይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ ማለዳ መሬቱ ሳይሞቅ። አንዱን በ600 ብቻ፣ ሌላውን በሁለት ኮንቨርተር አንሱ፣ ሁለቱንም በእጅ ፎከስ አድርጉ፣ እያንዳንዱን አስር ጊዜ አንስታችሁ ምርጡን ለዩ። የ600ውን በኮምፒውተር 2.8 ጊዜ አሳድጉና ሁለቱን ከስር ላኩልኝ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አትጻፉ። እዚሁ ለጥፌ ድምፅ እናሰጥበታለን።