የኦሪገን መንገድና የባሶ መንገድ

ሰሞኑን ማታ ማታ ከጥናት በኋላ እኛ ጥቂት የኅብረተሰብ ሳይንስ ሰልጣኞች አንዲት ኮምፒዩተር ከበን ስንጯጯህ የሰማችሁ ሁሉ «ምን ነካቸው?» ብላችሁ ሳትታዘቡን አልቀራችሁም። ፊልም እያየን አልነበረም። በሬ እየሞተብን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ዘ ኦሪገን ትሬይል» የሚባል ጨዋታ አለ፤ የኦሪገን መንገድ ብንለው ያስኬዳል። በመጀመሪያ መልኩ ሥዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው፣ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ እየተረከ ይጠይቃል፤ ተጫዋቹ ይመልሳል፤ ታሪኩም በመልሱ ይለወጣል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1847 ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ ከሚዙሪ ተነሥቶ 2,040 ማይል፣ ማለት ከ3,280 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ወደ ኦሪገን ይጓዛል። ካለው 900 ዶላር 200ው ለሠረገላ ወጥቷል። የቀረውን ለበሬ፣ ለስንቅ፣ ለጥይት፣ ለልብስና ለልዩ ልዩ ዕቃ ማከፋፈል የተጫዋቹ ፈንታ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ግን የሠሪዎቹ ማንነት ነው። ዶን ራዊች፣ ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ሲሠሩ እንደ እኛው ለማስተማር ልምምድ ወደ ሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች የወጡ እጩ መምህራን ነበሩ። ራዊች የታሪክ ክፍል ነበረው፤ ሁለቱ የሒሳብ ሰዎች ፕሮግራሙን ጻፉለት። የፈጀባቸው ሁለት ሳምንት ያህል ነው። ተማሪዎቹም የተጫወቱት መልሱን ወረቀት ላይ እየመታ በሚያወጣ ቴሌታይፕ እንጂ በስክሪን አልነበረም። ራዊች ልምምዱ ሲያበቃ ፕሮግራሙን በወረቀት አስቀርቶ ከማሽኑ አጠፋው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በሚኒሶታ የትምህርት ኮምፒዩተር ድርጅት ሲቀጠር ከዚያው ወረቀት ላይ እንደገና ገለበጠው። በዚህ ጊዜ የጥንቶቹን መንገደኞች የዕለት ማስታወሻ አንብቦ በሽታውም፣ ብርዱም፣ የሠረገላው መሰበርም በእውነተኛው ጉዞ ይደርስ በነበረው መጠን እንዲደርስ አስተካከለ። መርጃ መሣሪያ የለም እያልን ለምናማርር ሰልጣኞች ይህ ጥቂት የሚያሳፍር ነው፤ እኛንም ጨምሮ።

የጨዋታው ጥንካሬ እዚሁ ላይ ነው። «የጉዞው ችግሮች» ተብሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነገር ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ገንዘቡን ሁሉ በጥይት ጨርሶ ተራራው ላይ ልብስ ያጠረው ልጅ ግን አይረሳም። ምክንያትና ውጤትን ሌላ ሰው አልነገረውም፤ ራሱ ከፈለበት።

ጉድለትም አለበት። ለአደን «ባንግ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ፈጥኖ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ፈጥኖ የጻፈ ሥጋ ይበላል። ይኸ የጣት ፈተና ነው እንጂ የታሪክ አይደለም። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ተጫዋቹ የሚቀመጠው ሠረገላው ላይ ብቻ ነው። ሠረገላው የሚሄድበት መሬት የማን ነበር? የአገሩ ነባር ሕዝቦች ስንቅ የት እንደሚገኝ አሳይተው በአንድ መስመር ያልፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሉም። ጌምሎፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አዲስ ዝግጅት የነባሮቹን ሕዝቦች የታሪክ ሊቃውንት አማክሮ ከእነርሱም ወገን ሆኖ መጫወት እንዲቻል አደረገ። ሃምሳ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

እኛ ይህን ነቀፌታ አቅልለን ነበር ያየነው። የአሜሪካ ጣጣ ነው ብለን።

ከዚያ ለማስተማር ልምምድ ወጣን። በደረስንበት ትምህርት ቤት ለተማሪ የሚሆን ኮምፒዩተር ስላልነበረ ጨዋታውን በካርቶን ሠራነው፤ መንገዱንም የአገራችን አደረግነው። ባሶን የማያውቅ ካለ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በየጁቤ በኩል ያለው አገር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ ገበያ የነበረበት ነው። ተማሪው ሲራራ ነጋዴ ሆኖ፣ አሞሌ ጨው ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ በኩል እስከ እናርያ ይወርዳል፤ ገዝቶም ይመለሳል። ሐምሌ ላይ የተነሣ ዓባይ ሞልቶ ይጠብቀዋል። በረሃው ውስጥ ያደረ ንዳድ ይይዘዋል። ኬላ ላይ ቀረጥ አለ። የሰባተኛ ክፍል ልጆች እንዴት እንደወደዱት መናገር ያቅተናል፤ የኋላ ወንበር ተኝቶ የሚውለው ሳይቀር ስለ በቅሎ ዋጋ ተሟገተ።

ጭነቱን ስንጽፍ ግን እርስ በርሳችን ተከራክረን ነበር። ከዚያ ማዶ ወደ ባሶ ይመጣ የነበረው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ብቻ አልነበረም። ሰውም ይመጣ ነበር፤ ባሶ ላይም ይሸጥ ነበር። ገሚሳችን «ለልጆች ይቅር» አልን፣ ገሚሳችን «እውነት አይደበቅም» አልን። የኋለኞቹ ረቱና «ባሪያ» የሚል ካርድ ዋጋ ተጽፎበት ከቡናው ጎን ተቀመጠ።

አንድ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሒሳቡን ሲያሰላ ቆየና እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ባሪያው ንዳድ ቢይዘው ስንት እንከስራለን?»

ክፍሉ አልሳቀም፤ አልደነገጠምም። መልሱን ነበር የሚጠብቀው። በጨዋታው ሕግ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ስለ በቅሎም እንዲሁ ተጠይቀን መልሰናል። እኛ ግን አፋችን ተያዘ። ደወሉ አወጣን።

ልጁ አላጠፋም። ካርዱን የጻፍነው እኛ ነን። እውነቱን አልደበቅንም ብለን ስንኩራራ እውነቱን ዕቃ አድርገን አቀረብንለት፤ እሱም እንደ ዕቃ ቆጠረው። የኦሪገኑ ሠረገላ ጉድለት ከእኛው ካርቶን ውስጥ ወጣ።

ታዲያ ተማሪውን በተሸጠው ሰው ቦታ እናስቀምጠው? ያው የሚኒሶታው ድርጅት ሞክሮታል። «ፍሪደም» በተባለ ጨዋታ ተማሪው ከባርነት የሚያመልጥ ሰው ሆኖ ይጫወት ነበር፤ ወላጆች «ልጆቻችን ተዋረዱ» ብለው ስለተቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሥርጭት ወጣ። በእኛ ክፍልስ ውስጥ ማን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን በምን እንደሚሰደብ እናውቃለን? አናውቅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ጨዋታው እንዳለ ይጣል ይላሉ። አንስማማም። ዓባይን ያለ ወቅቱ የተሻገረ ልጅ የተማረውን በሌላ መንገድ አናስተምረውም። የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ የባሪያው ካርድ ከጭነቱ ይውጣ፤ የመልሱ ጉዞ ባሶ ገበያ ሲደርስ ግን ጨዋታው ይቁም። ካርዶቹ ይከደኑ። እነማን ተሸጡ፣ ማን ገዛ፣ ቀረጡን ማን ተቀበለ፣ እስከ 1934ቱ አዋጅ ድረስ መምህሩ በራሱ አፍ ይናገር፤ ልጆቹም ይጠይቁ። አንድ መምህራችን «ይኸ የጨዋታውን ለዛ ይሰብረዋል» ብለውናል። ልክ ናቸው፤ ይሰብረዋል። ይስበረው።

ወደዚያ ክፍል የምንመለሰው ሰኞ ነው። ለልጁ ጥያቄ ገና መልስ አልሰጠንም። የተሻለ ሐሳብ ያላችሁ ሰልጣኞችና መምህራን እስከ እሑድ ማታ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን።