ስለ ቁልቋል በር ትዕይንት



የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሱን ሸልሞ፥ ጉግሱንና ሽርጡን እያሳየ የአባቶቹን ተጋድሎ ሲያዘክር የተመለከተ የባሕር ዳር ሰው፥ እኛስ በጣና ዳር የምናስበው የጦር ሜዳ የለንምን ብሎ ቢጠይቅ የተገባ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ቁልቋል በር አለ፤ በዚያም አርበኞቻችን ከእንግሊዝና ከምሥራቅ አፍሪካ ሠራዊት ጋር ሆነው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ በቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ዕለት፥ የፋሺስቱን ምሽግ ሰብረዋል፤ ከስድስት ቀን በኋላም ጎንደር ነፃ ወጣች። በዚያ የተሸነፉት የኢጣሊያ ወታደራዊ ፖሊሶች፥ ካራቢኒየሪዎች፥ ይህንኑ ዕለት በሀገራቸው በየዓመቱ በክብር ሲያስቡት፥ ባለ ድሉ ሕዝብ ውጊያውን በገዛ መሬቱ በትዕይንት ቢያሳይ ማን ይነቅፈዋል?

ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጠላቱን ወገን የሚጫወት ሰው ይገኝ። በየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ጎፈር የደፋ፥ ጋሻ ያነገበ ወጣት አደባባዩን ይሞላዋል፤ ሁሉም አርበኛ ነው፥ የሚሸነፍ ግን የለም። በቁልቋል በር ምሽግ ከኢጣሊያኖቹ ጋር ከገዛ አህጉራችን የተመለመሉ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ፤ በአምስቱ የመከራ ዘመንም ወንድሙን ለባዕድ አሳልፎ የሰጠ ባንዳ አልጠፋም። ይህ ተሰውሮ የሚቀርብ ትዕይንት ያማረ ሰልፍ ይሆናል እንጂ፥ አርበኛው በዱር በገደል የተንከራተተው ከማን ሸሽቶ እንደ ነበረ ለልጆቻችን አያስረዳም። የሟች ዘር ይነቀፍበታል የሚሉ ሽማግሌዎች ሥጋታቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ የማንም ቤት ስም ሳይነሣ፥ የባንዳነቱም የአርበኛነቱም ተራ በዕጣ ይውጣ፥ የዘንድሮው አርበኛም ለከርሞ ባንዳ ይሁን።

እውነተኛ ጠመንጃ ግን ወደ ሜዳው አይግባ። የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሚሸበር ሕፃን በበዛበት በዚህ ወራት፥ ዱላና ነጋሪት ይበቃል።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንም ጉዳዩን ለበዓል አዘጋጆች ብቻ ሳይተዉ፥ በፎገራና በሊቦ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚናገሩ አረጋውያን ሳያልፉ ቃላቸውን ይጻፉልን፤ ትዕይንቱም ከዚያ ቃል ይቀዳ።

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ