ከእንግዲህማ…

«ከእንግዲህማ ምን ቀረኝ?» ይህ ንግግር ከአዛውንት አፍ ብቻ የሚወጣ ይመስለናል። ነገር ግን ሠላሳዎቹን ገና ያጋመሱ ሰዎችም ሲሉት እንሰማለን። ማንም ሳይከለክለን በገዛ እጃችን የምናጥረው አጥር ነው።

ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ሲቲን የኦሊምፒክ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። በዚያው ቢያበቃ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ተሰልፎ ነሐስ ይዞ ተመለሰ። ቀነኒሳ በቀለም በ2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ በ41 ዓመቱ፣ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወጥቷል።

ዕድሜ ምንም አይወስድም አንልም። ጉልበት ይቀንሳል፤ ድካም ቶሎ አይለቅም። ሆኖም ሰውነት የሚያቆምበት ቦታና እኛ ቀድመን ያሰመርነው መስመር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

በዚህ እትም ከጡረታ በኋላ ክራር ያነሱ፣ ያቋረጡትን ትምህርት በማታው ክፍለ ጊዜ የቀጠሉ፣ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን በስተርጅና የጀመሩ ሰዎች ያወጉናል። አንብበው ሲጨርሱ፣ «ለነገ» እያሉ ያቆዩትን አንድ ነገር ያስታውሱ።

መልካም ንባብ!

አዘጋጁ